ይድረስ ለንጉሡ ሠ፣ ባሉበት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት የሚሠራው ሰው ለቅሶ ስለሄደ አልወጣለትም
ጉዳዩ፦ የተሸለምኩትን ሜዳይ እንዲያስመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ጃንሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። አዳማም ከነነፋሷ፣ ከነሙቀቷ፣ ከነባጃጇ ደኅና ናት። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ ስልኳ ላይ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። ገና ከርእሱ "አባባ፣ ይኼኛው ሠ የት ነው የተደበቀው?" ብላ ቆማ ነበር። ወንድምዎን እሳቱን ሰ አንዴ ነካ ሲያደርጉት ከች ይላል፤ እርስዎ ግን ደጅ ያስጠናሉ። አልፈረድኩባትም። እኔ ራሴ ደጅዎን ስጠና ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ።

ያውቁኛል ብዬ አምናለሁ። ሠረቀ ብርሃን እባላለሁ፤ ስሜ በእርስዎ ነው የሚጀምረው። የቀድሞ ሠራዊት አሥር አለቃ ነኝ። የተወለድኩት ጎህ ሲቀድ ስለሆነ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቄስ ተማክረው ያወጡልኝ ስም ነው። ሠረቀ በግእዝ ወጣ ማለት ነው፤ ሠረቀ ፀሐይ እንዲሉ። ወንድምዎ እሳቱ ቦታዎን ሲይዝ ግን ነገሩ ይበላሻል። ሰረቀ በግእዝም በአማርኛም ያው ሌብነት ነው። የእኔ የግል ማኅደር ላይ የተጻፈው ደግሞ ይኼኛው ነው። በመንግሥት ሰነድ ብርሃን ሰርቄያለሁ። ሰፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቼ ወደ እኔ ቤት የማያዩት ጨዋ ስለሆኑ ብቻ ነው።

እንዴት እንደተጀመረ ልንገርዎ፤ እርስዎ በቦታው አልነበሩም፣ ለዚህም ነው እዚህ የደረስነው።

በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታጠቅ ጦር ሰፈር፣ መጨረሻው የማይታይ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ፣ አቧራው መሀል ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚመዘግብ ጸሐፊ ፊት ደረስኩ። "ስም?" አለኝ ቀና ሳይል። የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት የደገምኩ ነኝና ኮራ ብዬ "ሠረቀ ብርሃን፤ በንጉሡ ሠ" አልኩት። ያን ጊዜ ቀና አለ። ግርማዊነታቸው ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣

"ጓድ፣ ንጉሡ ወርደዋል!" አለኝ።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። "ኧረ ፊደሉን ነው" ልል አፌን ስከፍት "ቀጥል!" ተባለ። ጸሐፊው በአብዮቱ ስም እሳቱን ጻፈልኝ። እንግዲህ ጃንሆይ፣ እርስዎም በዚያች ቀን ወርደዋል። ዘውድዎ ፊደል ገበታው ላይ እንዳለ ነው፤ የወረዱት ከእኔ ማኅደር ላይ ብቻ ነው።

ጦርነቱን አጭር አደርገዋለሁ። ሐምሌ ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ገባ። መስከረም 1970 ጅጅጋ በጠላት እጅ ወደቀች። የካቲት 26 ካራማራን ያዝን። በመካከል ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ አብሮን የነበረ አንድ ኩባዊ "ሴሬኬ! ሴሬኬ!" እያለ ይጠራኝ ነበር። ቀ አትወጣለትም፣ ግን እኔ መሆኔን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። ጉልበቴ ውስጥ የቀረው ፍንጣሪም ሲገባ ስሜን በየትኛው ሰ እንደምጽፍ አልጠየቀኝም።

እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ሜዳይ የሚሸለሙት ስም ዝርዝር ወጣ። የሻለቃችን ጸሐፊ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነበር። ከቦምብ በላይ የፊደል ግድፈት የሚያስደነግጠው ዓይነት። ስሜን በትክክል፣ በእርስዎ ጻፈው። የዚያን ዝርዝር የካርቦን ግልባጭ አንዱ ጓደኛዬ ለመታሰቢያ አመጣልኝ። እስከ ዛሬ ዳዊቴ ውስጥ አለ። ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሣ ወደ መስኮት ሲይዙት ጣት ያሳያል፤ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል፤ የካርቦኑ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። ከላይ ሰባተኛው መስመር ላይ ግን እርስዎ ሦስት ጣትዎን ወደ ላይ ቀስረው ቁጭ ብለዋል። ቀለምዎ አልደበዘዘም።

ከሆስፒታል ስወጣ "ዝርዝሩ ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው" ተባልኩ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ፤ ወታደር ነኝ። ከዚያ ሌላ ግንባር፣ ከዚያም ሌላ። በ1983 ደግሞ እንኳን ሜዳዩ እኛም ተበተንን።

ጥያቄውን እንደገና ያነሣሁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ማኅደሬ ተገኘ ሲሉኝ። ስሙን የማልጠራው ቢሮ ሄድኩ። ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠች የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ፣ ትሑት ናት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አየችና፣

"አባባ፣ ሜዳይ የተሸለሙት ሠረቀ ብርሃን ናቸው። እርስዎ ደግሞ ሰረቀ ብርሃን ነዎት" አለችኝ።

ጆሮዬ መድፍ ያረጀው ስለሆነ ጎንበስ ብዬ "ልጄ፣ እስቲ ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ። አጠገቧ ያለው ባልደረባዋም ረዳት። ሦስት ጊዜ ሰማሁ። በሦስቱም ጊዜ እኔና እኔ አንድ ዓይነት ነን።

ከዚያ ማስረጃ የመሰብሰብ ዘመቻ ተጀመረ። አብረው የዘመቱ ሦስት ምስክር አምጣ ተባልኩ። አንዱን ስፈልግ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከእምነበረድ በታች አገኘሁት። ሁለተኛው አለ፣ ግን ጆሮው ከእኔም የባሰ ነው። ሦስተኛው ድሬዳዋ ተገኘ፤ አእምሮው እንደ ምላጭ፤ ችግሩ የእርሱ ስም ሁለት ሞክሼ ፊደል አለበት፣ እነርሱም በየሰነዱ ይቀያየራሉ። ለእኔ ከመመስከሩ በፊት እርሱ ራሱ እርሱ መሆኑን የሚመሰክሩለት ሦስት ሰዎች አስፈለጉ።

የትውልድ ቦታም ጣጣ አመጣ። ማኅደሬ "ናዝሬት" ይላል፣ መታወቂያዬ "አዳማ"። አስረዳሁ። "ደብዳቤ ያስፈልገዋል" ተባለ። ጃንሆይ፣ 19 ዓመት የኖርኩባት ከተማ ከነባቡር ጣቢያዋ ስሟን ስትቀይር አንድ ምስክር አልተጠየቀችም። እኔ አንድ ፊደል ላስተካክል ብል ሕዝብ ቆጠራ ሊደረግልኝ ነው።

መታወቂያው ራሱ በቁቤ ተጽፏል። ቁቤ ሁለታችሁንም አያውቅም፤ አንዲት ኤስ አለችው፣ ሰውም ሌባም በእርሷ ይጽፋል፣ ሰላም አድሮ ሰላም ይውላል። ይህን ይዤ ተመለስኩ። "ይኼ ከየትኛው ሰ እንደመጣ አያሳይም" አሉኝ። ፋይዳ ሲመጣ ደግሞ እሰይ አልኩ። ዐሥሩንም ጣቴን አሻራ ሰጥቼ፣ የዓይኔን ብሌን አስነሥቼ፣ 12 አኃዝ ተሰጠኝ፤ አኃዝ ሞክሼ የለውም። ልጅቷ ቁጥሩን አየችና አዝና እንዲህ አለችኝ፦ "አባባ፣ ይኼ እኮ አሁን እርስዎ መሆንዎን ነው የሚያሳየው። ያኔ እርስዎ እንደነበሩ አያሳይም።" እውነቴን ነው የምልዎት፣ ቤት ሄጄ ሁለት ሌሊት ይህን ነገር ሳሰላስል እንቅልፍ አልወሰደኝም። መልስ አላገኘሁለትም።

በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ደግ ዳኛ ገጠሙኝ። ወረቀቱን ገና ሲያዩት ሳቅ አፍኗቸው "ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥ" ብለው ወሰኑ። ቴምብር ለጠፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ በደስታ ለጠበቃዬ ሻይ ጋበዝኩ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ መነጽሬን አድርጌ ውሳኔውን አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦

"ሰረቀ ብርሃን እና ሰረቀ ብርሃን የሚባሉት ስሞች የአንድ ሰው ስሞች ስለመሆናቸው ፍርድ ቤቱ አረጋግጧል።"

ሁለቱም በእሳቱ! የተየበችውም ልጅ ስልክ ላይ እንዳለችው የልጅ ልጄ ዓይነት ናት፤ እርስዎን ፍለጋ አልደከመችም። ጠበቃዬ አንገቱን አቀርቅሮ ስኳር ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ይህንኑ ውሳኔ ለቢሮው ሳቀርብ "ይኼማ እርስዎ እርስዎ መሆንዎን ነው ያረጋገጠው" ተባልኩ። ትክክል ናቸው። ሌባው ሌባው መሆኑ በሕግ ተረጋግጧል።

ከአዳማ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጠዋት የወጣ ሰው ቃሊቲ ደርሶ ቁርሱን ይበላል። ከእርስዎ እስከ ወንድምዎ ግን በፊደል ገበታ ላይ በመካከል ያለችው ረ ብቻ ናት። እርሷን ለመሻገር ዘጠኝ ዓመት አልበቃኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ወር የጽሑፍ መልስ ተላከልኝ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው። "በስምዎ ላይ በታየው የፊደል ልዩነት ምክንያት ጥያቄዎን ለማስተናገድ እንቸገራለን" ይላል። ጥሩ። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ አናት ላይ "የቀድሞ ሰራዊት" ተብሎ ተጽፏል፤ በእሳቱ። ዝቅ ብሎ "ስርአት" አለ፤ እዚህ ደግሞ እርስዎም የሉ፣ ዓይኑም የለ። መጨረሻው ላይ "ከመልካም የስራ ምኞት ጋር" ይላል። የእኔ ስም ራሱ "ሰርቀ ብርሃን" ሆኖ ሦስተኛ መልክ አውጥቷል። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ዐሥራ አንድ ቦታ ላይ እርስዎ ሊኖሩበት ሲገባ የሉም። ዐሥራ አንድ ጊዜ ከዙፋን ወርደው አንድም ሰው ምስክር አልተጠየቀም፣ አንድም ጉዳይ አልተመለሰም። በምድር ላይ እርስዎን የሚጠብቅ ወረቀት የእኔ ብቻ ነው።

ወቀሳዬ ከብዶብዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ላይ ቂም የለኝም፤ ድምፅ እንኳ የለዎትም፣ ከወንድምዎ የተለየ ማለቴ ነው። በፊት ነበረዎት ይላሉ ሊቃውንቱ። የሚያናድደኝ ከኋላዎ የተደበቀው ሰው ነው። ውሳኔ መስጠት የፈራ ሁሉ፣ ፊርማው የሚያስጠይቀው የመሰለው ሁሉ፣ በሦስት ጣትዎ ሥር ተጠልሎ ተቀምጧል። መንጥቄ ላውጣው ስል "እኔ ምን ላድርግ፣ ፊደሉ ነው" ይለኛል።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ምሁራን አሉ፤ አይነኩ የሚሉም አሉ። እኔ አይነኩ ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ለራሴ ስል። እርስዎ ዛሬ ቢሰረዙ ሜዳዩን ያገኘው ሰው አብሮዎት ይሰረዛል፤ የሚቀረው ብርሃን የሰረቀው ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፦ ሰላም የሚጻፈው በእሳቱ፣ ሠራዊት የሚጻፈው በእርስዎ። ማን እንዲህ አድርጎ እንዳከፋፈላችሁ እንጃ። የልጅ ልጄ "አባባ፣ ይህን አወጣዋለሁ" ብላለች፤ ተይው ብያታለሁ።

አንድ ጓደኛዬ "ምን አደከመህ፣ ምናለሽ ተራ ወርደህ አንዱን ሜዳይ ግዛና ደረትህ ላይ ስካ" አለኝ። ብርሃን ሰርቀሃል በተባልኩበት አገር ደግሞ ሜዳይ ልጨምርበት? የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ስንሰበሰብ ሜዳይ ያላቸው ከፊት ይቀመጣሉ። እኔ ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር ነኝ፤ ጆሮዬ የተረፈውን ያህል እዚያ ያልቃል። ደሞዝ አልጠየቅኩም፣ መሬት አልጠየቅኩም። አንድ ፊደል ነው።

ስለዚህ ጃንሆይ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሰኞ በ3 ሰዓት ነው። ከተቻለዎት በአካል ይምጡልኝ። አዳማ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ፣ ባጃጁን እኔ እከፍላለሁ። ማንነትዎን የሚያረጋግጥ ነገር ይያዙ፤ ሳይጠይቁዎት አይቀሩም።

ግልባጭ፦
ለእሳቱ ሰ፣ ቦታዬን እንዲለቅልኝ
ለረ፣ በመካከል ሆና ያየችውን እንድትመሰክር

የልጅ ልጄ "ጨረስን፣ ከታች ስምህን በየትኛው ልጻፈው?" ብላ ጣቷን ስልኩ ላይ አንሥታ ትጠብቃለች። ተይው፣ አትጻፊው አልኳት። ወረቀት ላይ ይታተምና የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠርኩት ሰውዬ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አስቀምጥበታለሁ።