«አንዲት ፊደል ናት» ለሚሉን መኪና ሻጮች

ሰሞኑን ከአዲስ መኪና ሻጮች በኩል የተሰማው ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሰነድ ላይ የተሳሳተ የሻንሲ ቁጥር (ፊደልና አኃዝ ተደባልቀው የሚጻፉበት የመኪናው መለያ) ተራ የጽሕፈት ግድፈት ነው ተባለ። ገዢው ከመፈረሙ በፊት ማየት ነበረበት ተባለ። ይባስ ብሎ፣ እንዲታረምለት የፈለገ ገዢ የማረሚያ ክፍያ ይክፈል ተባለ። ሦስቱም አያስኬዱም። የመጀመሪያው ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ተናጋሪው የሚሸጠውን ዕቃ በቅጡ እንደማያውቀው ያሳብቅበታል።

አንዲት ፊደል ብትሳሳት መኪናው ያው መኪና ነው ይሉናል። ብረቱስ አዎ፣ ያው ብረት ነው። ወረቀቱ ግን የሌላ መኪና ወረቀት ሆኗል፣ ወይም ጨርሶ የሌለ መኪና ወረቀት። ኢንሹራንስ የሚገባው ለቁጥሩ ነው። ባንክ ለብድሩ መያዣ የሚያደርገው ቁጥሩን ነው። የጋራንቲው ዘመን የሚቆጠረው በቁጥሩ ነው። መለዋወጫ የሚታዘዘው በቁጥሩ ነው። አምራቹ የፋብሪካ ጉድለት አግኝቶ መኪኖችን ለጥገና ሲጠራም የሚጠራው በቁጥር ነው። ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ጉድለት ያለባቸው ኤርባጎች ሰበብ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ሲጠሩ፣ የማን መኪና አለበት የማን የለበትም የሚለው የተለየው በሻንሲ ቁጥር ነበር። ሊብሬው ላይ የተሳሳተ ቁጥር የያዘ ሰው ያንኑ ቁጥር አስገብቶ ቢጠይቅ «አይመለከትዎትም» ይባላል። መሪው ውስጥ የተቀመጠው ኤርባግ ግን ሊብሬ አያነብም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ባለቤትነቱ የሌላ።

«አንዲት ፊደል» ምን እንደምታደርግ ለማየት አሥረኛውን ቦታ ብቻ እንውሰድ። ብዙ አምራቾች እዚህ ቦታ ላይ ዓመተ ሞዴሉን ይጽፋሉ። ኤስ ማለት እ.ኤ.አ. 2025 ነው፤ 5 ደግሞ 2005። ኤስንና 5ን ማምታታት የደከመው ጸሐፊ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ውጤቱ? ትናንት ከካርቶን እንደወጣ የሚያብረቀርቅ መኪና ወረቀቱ ላይ ሃያ ዓመት ያረጃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ቁጥር እንዲሁ የተደረደረ አይደለም፤ ለዚሁ ለ«ጽሕፈት ግድፈት» ተብሎ የታነጸ ነው። አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1981 ዓመተ ሞዴል ጀምሮ ርዝመቱን 17 አድርጋ ወስናለች፤ ዓለም አቀፉ ደረጃም 17 ነው። ከላቲን ፊደላት አይ፣ ኦ እና ኪው ጨርሶ አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ታስቦ ነው። ስለዚህ ሊብሬ ላይ ከቁጥሩ መሀል ኦ ከታየች ወይም ቁጥሩ 16 ወይም 18 ሆኖ ከተገኘ፣ መኪናውን ማየት እንኳ ሳያስፈልግ ወረቀቱ ስህተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቦታዎች አምራቹን ይናገራሉ። ቀጣዮቹ አምስት የመኪናውን ዓይነት፣ ቦዲና ሞተር ይናገራሉ። አሥራ አንደኛው ፋብሪካውን፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ተራ ቁጥሩን ይሰጣሉ። ዘጠነኛው ስለ መኪናው ምንም አይናገርም። ሥራው ዘብ መቆም ነው።

ዘቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው፤ ኤ 1፣ ቢ 2፣ ኤስ 2፣ ዜድ 9 እያለ፤ የአኃዝ ዋጋ ራሱ አኃዙ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ደግሞ ክብደት አለው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 10፣ 0፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2። ዋጋው በክብደቱ ይባዛል፣ ውጤቶቹ ይደመራሉ፣ ድምሩ ለ11 ይካፈላል። የተረፈው ቁጥር ዘጠነኛው ቦታ ላይ ይጻፋል፤ 10 ከተረፈ ኤክስ ይሆናል። እነዚያን ኤስና 5 እንያቸው። የዋጋ ልዩነታቸው 3 ነው፣ የአሥረኛው ቦታ ክብደት 9 ነው፣ ድምሩ በ27 ይዛነፋል። 27 ለ11 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ዘጠነኛው ቦታ አልገጥም አለ፤ ስህተቱ ተያዘ። 11 በ1 እና በራሱ ብቻ የሚካፈል ቁጥር ስለሆነ፣ ዋጋ የሚለውጥ የአንድ ቦታ ስህተት በዚህ ወንፊት አያልፍም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቦታዎች መቀያየራቸውም ከሞላ ጎደል ይያዛል። የሚያመልጡት ዋጋቸው እኩል የሆኑ ናቸው፤ ለምሳሌ ቢ፣ ኬ፣ ኤስ እና 2 ሁሉም ዋጋቸው 2 ነው። ስምንተኛው ቦታ ላይ ያለ አኃዝ ዘጠነኛው ላይ ካለ አኃዝ ጋር ቢቀያየርም ያመልጣል። (አሥራ ሰባት ጊዜ 1 ቢጻፍም ሒሳቡ ይገጥማል። ዘቡ ቆጣሪ እንጂ ነቢይ አይደለም።)

ይህን ሒሳብ ኮምፒውተር ዓይን እስኪርገበገብ አይቆይበትም። የሽያጭ ሠራተኛው ቁጥሩን ሲጽፍ ሳጥኗ ቀይ ትሆናለች፣ እንደገና ይጽፋል፣ አለቀ። አንድ የሠንጠረዥ ፎርሙላ ይበቃል። ታዲያ የሚሊዮኖች ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ይህችን ሳያደርግ «ሰው ይሳሳታል» ሲለን ምን እንበለው? ሰውማ ይሳሳታል። ቁጥሩ የተሠራው ሰው ስለሚሳሳት ነው!

የአውሮፓ አምራቾች ዘጠነኛውን ቦታ ለዚህ እንዲያውሉ አይገደዱም የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። ልክ ነው፣ የሰሜን አሜሪካና የቻይና ግዴታ ነው፤ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ሒሳቡ አይሠራም። ይሁንና ይህ ሻጩን ነፃ አያወጣውም፣ የበለጠ ያጋልጠዋል። ከመጀመሪያው ያ ቁጥር ለምን በእጅ ይጻፋል? ከፋብሪካው በመጣው የጭነት ዝርዝር ላይ አለ። ብዙ መኪኖች የበር ምሰሶ ላይ በባርኮድ ተለጥፏል። ሆኖም ደረሰኙ ላይ አንዱ ይጽፈዋል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ሌላው፣ ለሊብሬ ሦስተኛው፣ ለኢንሹራንስ አራተኛው። አራት ጊዜ በአራት እጅ፣ 68 የመሳሳቻ ዕድል። ይህ ግድፈት አይባልም፣ አሠራር ነው።

«ገዢው ለምን አላየም» ለሚሉት፦ ገዢም ዓይን አለው፣ ይመልከት። ግን እንዴት እንደሚታይ የነገረው ማነው? ሻጩ ራሱ መኪናውን የሚጠራው በመጨረሻዎቹ ስምንት ነው፤ የፊተኞቹ ዘጠኝ ላይ ያለ ስህተት በዚያ ቤት ማንም አያየውም። እንግዲያው ሻጩ ያልነገረውን እዚህ እንንገረው። ወረቀትን ከወረቀት ማስተያየት ዋጋ የለውም፤ ስህተቱ አብሮ ተገልብጦ ይሆናል። ከብረቱ ይጀመር። ቁጥሩ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይፈለግ፦ ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ በፊት መስታወቱ በኩል የሚታየው፣ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው፣ እና ራሱ ብረቱ ላይ የተቀረጸው። የተቀረጸው እንደ ሞዴሉ ከፊት ተሳፋሪ ወንበር ሥር ባለው ምንጣፍ ክዳን፣ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ብረት ወይም ሻንሲው ላይ ይገኛል፤ ትክክለኛውን ቦታ የመኪናው መመሪያ ይናገራል። ሦስቱም ፎቶ ይነሱ። ከዚያ አንዱ ከብረቱ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርግ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ዓይን የለመደውን ስለሚዘል፣ ወደ ኋላ ሲነበብ መዝለል ያቅተዋል። የሞተር ቁጥር ሌላ ቁጥር ነው፤ በሻንሲው ቦታ ተጽፎ ሲገኝ ማንም አይደንግጥ፣ ግን ማንም አይቀበል።

ስህተት ከተገኘ መጀመሪያ የሚለየው ዓይነቱ ነው። ሦስቱ ብረቶች ተስማምተው ወረቀቱ ብቻ ከተለየ፣ ነገሩ የወረቀት ነው። ከምንጩ ወደ ታች ይታረማል፦ ደረሰኝና የሽያጭ ውል፣ ከዚያ ጉምሩክ፣ ከዚያ ሊብሬ፣ ከዚያ ኢንሹራንስና ባንክ። ከታች የጀመረ ሰው ሁለቴ ይመላለሳል፤ ሊብሬ የሚሰጠው ቢሮ የሚያምነው ከላይ የመጣውን ወረቀት ነውና። ሻጩ በማኅተም የሚሰጠው ደብዳቤ የተሳሳተውንም ትክክለኛውንም ቁጥር፣ የሞተር ቁጥሩን፣ ሞዴሉንና ቀለሙን ይያዝ። ስርዝ ድልዝ አይሁን፤ በፍሉድ የተቀባ ሰነድ ከስህተቱ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። ኢንሹራንሱ ማሻሻያውን ከውሉ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደሚጸና አድርጎ በጽሑፍ ካልሰጠ መኪናው ባይነዳ ይሻላል።

ዳሽቦርዱና የተቀረጸው ከተለያዩ ግን ወሬው ሌላ ነው። ርክክብ ይቁም፣ አምራቹ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ ማንም መካኒክ መፋቂያ ይዞ አይጠጋ። ቁጥር መፋቅና እንደገና መቅረጽ በብዙ አገር ወንጀል ነው፤ መኪናው እጁ ላይ የተገኘውም ሊጠየቅ ይችላል። በመመርመሪያ መሣሪያ ሲነበብ የመኪናው ኮምፒውተር የያዘው ቁጥር ብቻ ከተለየ፣ አዲስ ነው በተባለው መኪና ላይ ለምን የሌላ መኪና ኮምፒውተር እንደገባ ሻጩ ያስረዳ። አንዳንዱ ሞጁል (የመኪናው የኮምፒውተር ክፍል) አንዴ ብቻ ስለሚጻፍበት በሶፍትዌር ላይስተካከል ይችላል፤ ይቀየራል።

ከሁሉ የሚከፋው አንድ ሞዴል አንድ ቀለም የሆኑ ሁለት መኪኖች በአንድ ጭነት መጥተው ወረቀታቸው ሲቀያየር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ዘጠነኛው ቦታም ይገጥማል፣ የትኛውም ድረ ገጽ «ትክክል» ይላል። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን መኪና እየነዱ፣ አንዱ ሌላው ለሚነዳው መኪና ብድር እየከፈሉ ይኖራሉ። አንደኛው ብቻ ቢያርም ሁለት መኪና በአንድ ቁጥር ይመዘገባል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጠሩ፣ ታርጋም ሊብሬም በአንድ ላይ ይመለስ። ሌላኛውን ገዢ ፈልጎ የሚያመጣው ሻጩ ነው፤ ስሙንና አድራሻውን ይዟላ።

ለዚህ ሁሉ ገዢው የማረሚያ ክፍያ ይክፈል የሚሉት ሰዎች በአቋማቸው ከጸኑ ይጠይቁን። ብቻ ደረሰኙ ላይ የአገልግሎቱ ዓይነት በሚለው ቦታ «ሻጩ ለሳተው ቁጥር» ብለው ይጻፉልን፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከብረቱ አይተው ይሙሉ።