ከመሪ ወርዶ ወደ ዳኛ ወንበር

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ በኩል ባለ የአፈር ሜዳ ላይ ሁለት የእሽቅድምድም መኪኖች ኩርባ ውስጥ ተነካክተው አንዱ ከመስመር ቢወጣ፣ አቧራው ሳይረግፍ የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው። አንዱ ወገን «መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ምን አውቆ ይፈርዳል?» ይላል። ሌላው «ትናንት አብሯቸው ሲነዳ የነበረ ሰው ዛሬ እንዴት ይዳኛቸዋል?» ብሎ ይመልሳል። ለሁለቱም ጆሮ መስጠት ይገባል። እኔ ግን የቀድሞ ሹፌር ከውድድሩ ሦስት ዳኞች አንዱ ይሁን፣ ሰብሳቢያቸው ግን አይሁን ባይ ነኝ።

በቅድሚያ አንድ የሚደባለቅ ነገር እንለይ። ውድድሩን የሚያስጀምረው፣ ባንዲራ የሚያስወጣው፣ አደጋ ሲመጣም የሚያስቆመው የውድድር ዳይሬክተሩ ነው። ስቱዋርድ የሚባሉት ዳኞች ከእሱ የተለዩ ናቸው፤ ጉዳይ ሲቀርብላቸው ሁለቱንም ወገን ሰምተው በጽሑፍ ይወስናሉ። በፎርሙላ 1 ከ2010 ጀምሮ ከእነሱ ጋር አንድ የቀድሞ ሹፌር ይቀመጣል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ባህሬን ላይ ወንበሩን የጀመረው የአራት ጊዜ ሻምፒዮኑ አለን ፕሮስት ነበር።

እነ ፕሮስት በየኩርባው ካሜራ፣ በየመኪናው የፍሬንና የነዳጅ መስጫ መረጃ ቀርቦላቸው ነው የሚፈርዱት። እኛ ጋ ያለው ማስረጃ ሁለት የስልክ ቪዲዮና የተላጠ በር ነው። ማስረጃው ሲሳሳ ደግሞ አንባቢው መብሰል አለበት፤ ስለዚህ የቀድሞው ሹፌር ከሞናኮ ይልቅ ለሱሉልታ ያስፈልጋል።

በሩን እንይ። ጭረቱ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ከሄደ፣ የነካው መኪና ከተነካው ይፈጥን ነበር ማለት ነው። ከፊት ወደ ኋላ ከሆነ ግን ተነካሁ ባዩ ነው ፈጥኖ የመጣው። በቆርቆሮው ላይ ጥቁር የጎማ ክብ ከታተመ ደግሞ ቦታው ብዙ ይናገራል። በፎርሙላ 1 የማሽከርከር መመሪያ መሠረት በውስጥ በኩል የሚያልፍ ሹፌር ቦታ ይተውልኝ ለማለት፣ ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጫፍ ሲቃረብም ጫፉ ላይ ሲደርስም የፊት ጎማው ዘንግ ቢያንስ ከሌላው መኪና ስፖኪዮ ጎን መድረስ አለበት። በውጭ በኩል ከሆነ መመሪያው ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ጫፉ ላይ የፊት ዘንጉ ከሌላው የፊት ዘንግ መቅደም አለበት። እንግዲህ ክቡ የታተመው ስፖኪዮው ሥር ከሆነ የውስጡ ሰው በሰዓቱ ደርሷል፤ ከኋላ ጎማው አጠገብ ከሆነ ግን ዘግይቶ ነው አፍንጫውን ያስገባው። ይህንን ለማየት ቴሌሜትሪ (ከመኪናው የሚላክ መረጃ) አያስፈልግም፣ ጎንበስ ማለት ነው።

መሬቱም ይነበባል። ፍሬን የያዘ ጎማ አፈሩን ቀጥ አድርጎ ያርሳል፤ ተንሸራቶ የሄደ ጎማ ሰፊ ቅስት ሠርቶ አፈሩን ወደ ውጭው ጠርዝ ይከምራል። የሚቀጥለው ዙር መጥቶ ሳያጠፋው ማርሻሉ (በሜዳው ዳር የሚቆመው የውድድር አስተናባሪ) ከቆመበት ሆኖ ፎቶ ካላነሳው ግን ማስረጃው ሄደ።

በጣም የሚያጨቃጭቀው «ሆን ብሎ ፊቴ ላይ ፍሬን ያዘ» የሚለው ክስ ነው። እዚህ ላይ ከፍታችንን መርሳት አይገባም። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ሹፌሩ ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ መስጫውን ድንገት ሲረግጠው ሞተሩ ይታነቅና መኪናው ለአፍታ ይለግማል። ከኋላ ያለው ሰው ይሄን ፍሬን ነው ብሎ ይምላል። ልዩነቱ ቪዲዮው ላይ አለ፤ ፍሬን የተረገጠበት መኪና አፍንጫው ይደፋል፣ ኋላው ይነሳል። ሞተሩ የታነቀበት ግን እንዲያ ሳይደፋ ይዘገያል። የፍሬን መብራቱ በማይሠራ መኪና ላይ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም፤ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ዳኛ ደግሞ ቪዲዮውን አሥር ጊዜ ቢደጋግመውም የትኛውን ማየት እንዳለበት ላያውቅ ይችላል።

ዝናብ ሲኖርም እንዲሁ ነው። ዋልካ አፈር የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ሙልጭ ያደርገዋል፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው መልስ ውሸት ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዙር ከሆነ እኔም እቀበለዋለሁ። በአራተኛው ዙር ግን ያው ኩርባ ሦስት ጊዜ አሳይቶታል፤ ቀድሞ እግሩን ማንሳት ነበረበት። ይቅርታው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያውቀው እዚያ ጭቃ ውስጥ የነዳ ሰው ነው።

እስከዚህ የቀድሞውን ሹፌር አሞገስኩት። ችሎታው ግን ድንበር አለው፤ ድንበሩን ጥሩ አድርጎ የሚያሳየው የ2010ሩ ሞናኮ ነው። የመጨረሻው ዙር ሊያበቃ ሲል የደኅንነት መኪናው (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ሁሉንም የሚያዘገየው) ወደ ፒት፣ ማለትም ወደ መኪኖቹ መጠገኛ መስመር ገባ፤ ማይክል ሹማኸር በመጨረሻው ኩርባ አካባቢ ፈርናንዶ አሎንሶን አልፎ ስድስተኛ ሆነ። አንዱ የሕጉ አንቀጽ ውድድሩ በደኅንነት መኪና ሥር ካለቀ ማለፍ ክልክል ነው ይል ነበር፤ በሜዳው ላይ ግን ማለፍ ይቻላል የሚለው አረንጓዴ ባንዲራ ታይቷል። ዳኞቹ 20 ሰከንድ ጨመሩበት፣ 12ኛ ወረደ። ከዳኞቹ አንዱ ማን ነበር? በ1994 አደላይድ ላይ ከሹማኸር ጋር ተጋጭቶ ሻምፒዮናነቱን በ1 ነጥብ ያጣው ዴመን ሂል። ሂል አዳልቷል ብዬ አላምንም። ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብሎ ያደገ ተመልካች ያንን ወንበር አይቶ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ከቂሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ ጉዳዩ የማሽከርከር ጉዳይ አለመሆኑ ነው። ጥያቄው የትኛው አንቀጽ ይገዛል የሚል ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ የመሪ ልምድ የሚጨምረው ነገር የለም። ሰብሳቢው የሕግ መጽሐፉን የበላ ሰው ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ደግሞም ሹፌሮች አንድ ዓይነት አያዩም። በ2019 ካናዳ ላይ ሴባስቲያን ፌተል ሣር ላይ ወጥቶ ሲመለስ ሉዊስ ሃሚልተንን ወደ ግንቡ አስጠግቷል ተብሎ 5 ሰከንድ ተቀጣ፤ መስመሩን አንደኛ ያለፈው ፌተል ሆኖ ድሉ ለሃሚልተን ተሰጠ። ከዳኞቹ መካከል የ«ለ ማን» 24 ሰዓት ውድድርን አምስት ጊዜ ያሸነፈው የቀድሞ ሹፌር ኤማኑኤሌ ፒሮ ነበር። ከውጭ ሆነው ውሳኔውን ከነቀፉት መካከል ደግሞ የዓለም ሻምፒዮኖቹ ናይጅል ማንስልና ማሪዮ አንድሬቲ ነበሩ። «ሹፌር የሹፌርን ነገር ያውቃል» የሚሉ ሰዎች የትኛውን ሹፌር ማለታቸው እንደሆነ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

አፍም አለ። የቀድሞው የፎርሙላ 1 ሹፌር ጆኒ ኸርበርት በ2025 መጀመሪያ ላይ ከዳኝነቱ የተሰናበተው የሚዲያ ተንታኝነቱ ከዳኝነት ጋር አይሄድም ተብሎ ነው፤ በዚያው ዓመት ሌላው የቀድሞ ሹፌርና ዳኛ ዴሪክ ዋርዊክም ለሚዲያ በሰጠው አስተያየት ከካናዳው ውድድር ታግዷል።

እኛ ጋ ከአፍ ይልቅ የሚከብደው ጋራዥ ነው። ሜዳው ትንሽ ነው፤ የቀድሞው ሹፌር የአንዱን ካምቢዮ የፈታ፣ ለሌላው ሞተር የሸጠ፣ የሦስተኛው አጎት ሊሆን ይችላል። «ከማንም ጋር ንክኪ የሌለው ሰው ፈልጉ» ማለት «አትፈልጉ» ማለት ነው። ስለዚህ ንክኪው ይጻፍ። ጠዋት ውድድሩ ሳይጀመር ዳኛው የትኛውን መኪና እንደነካ፣ ከማን ጋር ዝምድና ወይም ገንዘብ እንዳለው በወረቀት ላይ አስፍሮ ይፈርም፤ የዚያ ተወዳዳሪ ጉዳይ ሲመጣ ተነስቶ ይውጣ። ለዚህ አራተኛ ተጠባባቂ ዳኛ ያስፈልጋል። ከውድድር ከወጣም ቢያንስ ሦስት ዓመት ቢያልፈው እመርጣለሁ፤ ያኔ የቀጣው ሰው በሚቀጥለው ወር ተፎካካሪው አይሆንም።

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ከራሳችን ብንወስድ ደስ ይለኛል። በድሮው ችሎት አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ዳኛ ነበር፤ ትልቁ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። የቀድሞው ሹፌርም የማስረጃውን ትርጉም ይንገራቸው፣ ይቀጣ ወይስ አይቀጣ ሲባል ግን መጨረሻ ይናገር። ስመ ጥሩ ሹፌር ቀድሞ ከተናገረ ሁለቱ ራስ ከመነቅነቅ አያልፉም፤ ሦስት ዳኛ አስቀምጠን በአንድ ሰው ልንፈርድ ነው።

ሰዓቱም ይከበር። በዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ሕግ ጊዜያዊው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ተቃውሞ ለማቅረብ 30 ደቂቃ አለ፤ በዳኞቹ ውሳኔ ላይ ይግባኝ ለማለት ደግሞ ሐሳብን በ1 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይቻላል። ሕዝቡ ቸኩሏል፣ የክብር እንግዳው መኪና ሞተር አስነስቷል ተብሎ እነዚህ ሰዓቶች አይታጠፉም። እስከዚያ ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ይቆይ፤ በሩ የተላጠው መኪናም ጋራዥ ሳይገባ ዳኞቹ ጎንበስ ብለው ይዩት።