ግፊት ያለባቸው አባባ ዓይናቸው ሲደበዝዝ ሁሉም ሞራ አይደለም

አባባ ዓይናቸው ደከመ ሲባል ቤተሰቡ ቶሎ የሚያስበው ሞራን ነው። ካልሆነ መነጽር። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሰውየው ለዓመታት ግፊት አለባቸው፣ ክኒኑንም ራስ ምታት ሲሰማቸው ብቻ ነው የሚውጡት ከተባለ፣ ማንም የማይጠይቀው ሌላ ነገር አለ፦ ከዓይን ጀርባ ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ክትትል ሲባል ግፊት ይለካል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። የዓይን ነገር የሚነሳው በሽተኛው ራሱ "አላይ አለኝ" ሲል ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ግፊት ሬቲናን መጉዳት ሲጀምር አያምም፣ እይታም አይቀንስም። የደም ሥሩ ግን እየጠበበና እየደነደነ ይሄዳል። ደም ወሳጁና ደም መላሹ በሚሻገሩበት ቦታ አንድ ሽፋን ይጋራሉ፤ ስለዚህ የደነደነው ወሳጅ መላሹን ይጫነዋል፣ አንድ ቀን እዚያው ደም ይረጋና መንገዱ ይዘጋል፣ ደምና ፈሳሽ ሬቲናው ውስጥ ይሰርጋል። አባባ ጠዋት ሲነሱ አንድ ዓይናቸው ጭጋግ ነው። ደህናው ዓይን ስለሚሸፍንላቸው ሳያውቁት የሚከርሙም አሉ።

ምርመራው እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ የዓይንን ጀርባ የሚያሳየውን መሣሪያ የሠራው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይጨመራል፣ ይታያል፣ አለቀ። ሰውነት ሳይቀደድ የደም ሥር እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ሌላ ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ጉዳት ከታየ ልብ፣ ኩላሊትና አንጎልም መጠርጠር አለባቸው። ታዲያ ግፊት የሚከታተል ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ለዓይን ክፍል መላኪያ ወረቀት ቢሰጠው ምን ይከብዳል? አዎ፣ የዓይን ሐኪም ጥቂት ነው፣ አገር ምድሩ ምኒልክ ሆስፒታል ሊሰለፍ አይችልም። ቢያንስ ግፊታቸው አልወርድ ያለና ስኳር የተጨመረባቸው ይቅደሙ።

መላሹ ተዘግቶ የሬቲናው መሐል ካበጠ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። አንዴ ተወግቶ ግን አይበቃም፣ በየወሩ ሊደጋገም ይችላል፤ ለጡረተኛ ኪስ አስቡት። የግፊት ክኒኑን አምሎዲፒን ሳያቋርጡ መዋጥ ከዚያ በብዙ ይረክሳል። "ደህና ነኝ" ብሎ ማቆም፣ በጾም ሰበብ የጠዋቷን ክኒን መዝለል (ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ እያለ!) የተለመደ ሆኗል።

አንድ ዓይን ሳያምም ድንገት ከጨለመ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። ወሳጁ ተዘግቶ ይሆናል፣ ይህ የዓይን ስትሮክ ነው፤ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷቸው። ግፊታቸው ጨምሮ ነው ብላችሁ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ክኒን ደርባችሁ እንዳትሰጧቸው። ግፊቱ ባንዴ ሲወርድ ለዓይን ነርቭና ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል።