ቅጣቱን ለጨረሰ ሰው ጥይት አታስቀምጡ

ደብረ ማርቆስ ላይ በአንድ የግድያ ክስ ቅጣት ሲነበብ ችሎት ውስጥ ነበርሁ። ዳኛው «14 ዓመት ጽኑ እስራት» ብለው ሲጨርሱ ከል የለበሱት የሟች እናት አልጮኹም፤ ዝም ብለው ወጥተው ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጡና ታናሽ ልጃቸውን «የወንድምህ ዋጋ 14 ዓመት ሆነ» አሉት። ልጁ ገና ጢም አላወጣም፤ ምንም ሳይመልስ አንገቱን ደፋ። በዙሪያቸው የነበርነው ትልልቅ ሰዎችም አንድ ቃል አልተነፈስንም፤ ያ ዝምታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወገኖቼ የጎጃም ሰዎች፣ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ ልናገር። ቅጣት የሟች ዋጋ አይደለም፤ የሰውን ነፍስ መተመን የሚችል ዳኛ አልተፈጠረም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ለተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲደነግግ፣ ዳኛው በዚያ መካከል የሚመዝነው የገዳዩን ጥፋት ነው፤ ከዚህ በፊት ተቀጥቶ እንደ ሆነ፣ እጁን በፈቃዱ ሰጥቶ እንደ ሆነ፣ ተጸጽቶ የሟችን ቤተሰብ ለመካስ ሞክሮ እንደ ሆነ ያያል። ከጥፋተኝነት ውሳኔው በኋላ ዐቃቤ ሕግም ተከሳሽም የቅጣት አስተያየት የሚሰጡት፣ ማክበጃና ማቅለያ ምክንያት የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። ቅጣቱ አነሰ የምትሉ ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ እንዲል ወትውቱት፤ በሩ ክፍት ነው።

እናንተ ግን ይግባኙን ትታችሁ ቀን ትቆጥራላችሁ። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያረመ ፍርደኛ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል፣ የ14 ዓመቱም ሰው በ9 ዓመት ከ4 ወር ሊወጣ እንደሚችል ከጠበቃው ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ለዚያ ቀን የተባለው ጥይት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ያህል መጠበቅ ያቃተው ደግሞ የታሰረውን ትቶ፣ ጠቡ በተነሣበት ቀን ከበሬው ጋር እርሻ ላይ የዋለውን ወንድሙን ሊገድል ያደባል። አንዳንዶቻችሁም ያልነበረውን ሰው «አብሮ ነበረ» ብሎ የሚምል ምስክር ታስጠናላችሁ፤ መስቀል ስሞ በሐሰት የሚምለው ያው ጎረቤታችሁ ነው።

«የአባቶቻችን ወግ ነው» ስትሉም እሰማለሁ። አባቶቻችን በፍትሐ ነገሥት ሲዳኙ ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ያኔም ቢሆን የሚሰጠው የተፈረደበት ገዳይ ራሱ እንጂ ወንድሙ አልነበረም። ዛሬ ሰው አድብታችሁ ብትገድሉ ነገሩ በአንቀጽ 539 ሊታይ ይችላል፤ የዚያ ቅጣት ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው፤ ያን ጊዜ ያቺ እናት ሁለተኛ ልጇንም ታጣለች።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ እርቅ አውርዱ፣ ደም አድርቁ፤ ያለ እናንተ ፍርድ ቤቱ ብቻውን ቂም አይነቅልም። ነገር ግን በእርቁ ውል ውስጥ «ምስክሮች ቃላቸውን ይለውጡ» የሚል አታስገቡ፤ ግድያ ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው የሕዝብ ጉዳይ ነውና ካሳ ተቀብሎ የሚዘጋው ሰው የለም። በለቅሶ ቤት «ደሙን ያልመለሰ» እያላችሁ በቀረርቶ ወጣቱን የምትወጉት ጎልማሶችም፣ እርሱ ሲታሰር ስንቅ የምታመላልሱለት እናንተ እንዳልሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ያ አንገቱን የደፋው ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኗል፤ ፍርደኛውም መውጫው ደርሷል። ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሽማግሌ ይዤ የሟች እናት ቤት እሄዳለሁ፤ ያን ቀን ከዛፉ ሥር አብራችሁኝ ቆማችሁ ዝም ያላችሁ፣ ከእኔ ጋር ኑ።