ይድረስ ኮርኒሴ ላይ ለተለጠፍከው ፋየር አላርም

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ጩኸት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።

በወጉ አንቱ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፒጃማ ወንበር ላይ የሚያስወጣኝን አካል አንቱ ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

ከተዋወቅን ስምንት ወራችን ነው። በዲቪ መጥቼ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይቺን ባለ አንድ መኝታ ስከራይ ውሉ ላይ ስንት ቦታ እንደፈረምኩ አላስታውስም። አንተም እዚያ ውስጥ ነበርክ። እንዳይነካ፣ እንዳይሸፈን፣ እንዳይነቀል የሚል ነገር ነበረው። ሰሃን የምታህል ነጭ ነገር ምን ታመጣለች ብዬ ፈረምኩ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ትዝ ትልሃለች? ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ጥሬ ቡና አጥቤ መቁያው ላይ አደረግኩ። ከስቶቩ በላይ ያለውን ማራገቢያ ከፈትኩ፣ ጭሱን ውጭ ያወጣዋል ብዬ። ለካ የዚህ ቤት ማራገቢያ ጭሱን በወንፊት አሳልፎ መልሶ ፊቴ ላይ የሚተፋ ዓይነት ነው። ቡናው ጠቆር ብሎ መንጣጣት ሲጀምር፣ ዘይቱ ወጣ ሲል፣ መዓዛው ሳሎኑን ሲሞላው፣ እኔም «እፎይ፣ አሁን ገና ቤት ገባሁ» ልል ስል፣ ጀመርክ።

ሦስቴ ትጮኻለህ። ታርፋለህ። ደግሞ ሦስቴ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መሆኑ ነው? ቡናው እኮ ገና አልተወቀጠም!

እኔም ያገሬን አደረግኩ። ቤት ሲታፈን በር ይከፈታል አይደል? በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ጭሱን በነጠላዬ ወደ ኮሪደሩ አባረርኩት። ኮሪደሩ ላይ ታላቅ ወንድምህ እንዳለ ማን ነገረኝ? አንተ ስትጮህ የምደነግጠው እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ሲጮህ ሕንጻው በሙሉ ነው።

ሰው ሁሉ በደረጃ ወረደ። አንዷ ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ፣ አንዱ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ። ከበሬ ፊት ለፊት የሚኖረውን ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም። «የማን ቤት ነው?» አለኝ። እንጃ አልኩት። (እግዜር ይቅር ይበለኝ።) ቀዩ መኪና እያምባረቀ መጣ፣ ያን ሁሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጡ። ምን እየተቃጠለ ነው አለኝ አንዱ። ቡና አልኩት። ዞር ዞር ብሎ የቡና ማሽን ፈለገ። መቁያውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ደስ ይላል» አለ። አየህ? ለሱ በአንድ ትንፋሽ የገባው ላንተ ስምንት ወር ሙሉ አልገባህም።

አገር ቤት እኮ የቡና ጭስ ጥሪ ነው። አጥር ተሻግሮ ሲሄድ «ዛሬማ ቀደም አላችሁ» እያሉ ይመጣሉ፣ የቀረ ካለ ልጅ ይላክበታል። እዚህም ጭሴ ጎረቤት ጠርቷል፣ አልዋሽም። ግን የተጠራው ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ፣ ማን ይሆን ይሄ ጉድ እያለ ወደ ላይ ያያል። ጀበናዬ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው።

ከሳምንት በኋላ ከአከራዩ ቢሮ የክፍያ ደብዳቤ መጣ። እሱን እንተወው።

ስለ አንተ አንብቤያለሁ። በአንዳንዶቻችሁ ሆድ ውስጥ አሜሪሲየም 241 የሚባል ጨረር የሚያፈልቅ ነገር አለ፣ ሌሎቻችሁ ጭሱን በብርሃን ነው የምታዩት። ይሄን ሁሉ ሳይንስ ታጥቀህ የሚቃጠል ቤትና የሚቁላላ ሽንኩርት መለየት አቃተህ? የዶሮ ወጥ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ እኔም ያን ሁሉ ጊዜ አንድ እጄ ማማሰያ አንድ እጄ ፎጣ ይዞ ከስርህ ሳራግብልህ ከማዶ ሕንጻ ያየኝ ሰው እስክስታ የምለማመድ ይመስለዋል። መስኮት ተከፍቶ ጭሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላም አታቆምም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አንተን ረስተውህ ነው።

ሕይወት ታድናለህ፣ አልክድም። ሰው ተኝቶ ቤት ሲቃጠል መቀስቀስህን እወድልሃለሁ። ግን ምንም ሳይቃጠል የምትቀሰቅሰኝስ? ባትሪህ ሲደክም በየደቂቃው አንዴ፣ ጢጥ። ቀን አይደለም፣ ሌሊት ነው፤ ቤቱ ሲበርድ የደከመ ባትሪ ይብስበታል። መጀመሪያ ፍሪጁ መሰለኝ። ቀጥሎ ስልኬ። ቀጥሎ አይጥ። እንቅልፍ ሳጣ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ እዚያ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ገና ሰላም ሳንባባል፣ ጢጥ። «ወፍ ገዛሽ እንዴ?» አለችኝ።

እሷን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን የምጽፍልህ በእሷ ጉዳይ ነው። ቪዛ አግኝታለች፣ የፊታችን ቅዳሜ ትገባለች። ሻንጣዋ ሁለት ነው። አንዱ በርበሬና ሽሮ፣ ሌላው ጥሬ ቡናና ዕጣን። ቤት ውስጥ ከሰል አይቻልም፣ ዕጣኑንም ቀነስ እናደርጋለን ብዬ በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ።

«ማነው የማይፈቅደው?»

ኮርኒሱ ላይ ያለ ነገር አለ፣ ይጮሃል አልኳት።

«ቆይ፣ መጥቼ እኔ አናግረዋለሁ» አለች። ውሉ ላይ ደግሞ የሷ ፊርማ የለበትም።