እርማት፦ የጆሴፍ ሃው ችሎት ሕግ አልለወጠም

ወንድሜ፣ ለድሬዳዋ ጀማሪ ጋዜጠኞች ባዘጋጀኸው ጽሑፍ «የኖቫ ስኮሺያው (የዛሬዋ ካናዳ ክፍል) ጋዜጣ ባለቤት ጆሴፍ ሃው በ1835 የጻፈው እውነት መሆኑን አስረድቶ ነፃ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እውነት መከላከያ ሆነ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል፤ ግን ስህተት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ሃው የተከሰሰው የኖቫ ስኮሺያ ዋና ከተማ የሃሊፋክስ ሹሞችና ፖሊስ በ30 ዓመት ውስጥ 30,000 ፓውንድ ከሕዝብ ኪስ ወስደዋል የሚል፣ «ሕዝቡ» ተብሎ የተፈረመ ደብዳቤ በማተሙ ነው። ክሱ ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሳሳት ነበር። በዚህ ክስ «እውነት ነው» ማለት በዘመኑ አያድንም። ጠበቆችም ተስፋ የለህም ስላሉት ራሱ ቆሞ ከ6 ሰዓት በላይ ተናገረ። ዋና ዳኛው ሃሊበርተን በበኩላቸው ጽሑፉ ወንጀል ነው የሚል አስተያየታቸውን ለጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ነገሩ። ጁሪው ግን በ10 ደቂቃ ነፃ አለው።

ስህተቱ የሚመጣው ይህን የጁሪ ውሳኔ እንደ እኛ ሰበር ውሳኔ ከማየት ነው። እኛ ጋ ጁሪ የለም፤ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ደግሞ ድሬዳዋም ሐረርም ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። የጁሪ ውሳኔ እንዲህ አይደለም፤ ምክንያት አይጻፍበትም፣ ለቀጣዩ ተከሳሽም አይተርፍም። ሕጉ በማግስቱም ያው ነበር።

የተለወጠው የሃው ዕድል ነው። በ1827 በ1,050 ፓውንድ የገዛው ጋዜጣ ስሙን አስጠራለት፣ በ1836 ምክር ቤት ገባ። በ1840 ደግሞ የዚያው ዋና ዳኛ ልጅ ለሽጉጥ ግጥሚያ ጠራው፤ ልጁ ተኩሶ ሳተ፣ ሃው ወደ ሰማይ ተኮሰ።