ያለ ዲቪ ዋይት ሐውስ የገባችው

ቅዳሜ ማታ ከስምንት ዓመቷ ልጄ ጋር እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሶፋ ላይ ተጋድመን አንድ የሩሲያ አኒሜሽን አየን። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣ ነው። ቤልካና ስትሬልካ የሚባሉ ሁለት ውሾች በመንኮራኩር ሰማይ ወጥተው ይመለሳሉ። ታሪኩ እውነት ነው። የወጡት ነሐሴ 13 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑን ስቆጥረው የቡሄ ዕለት ሆኖ አገኘሁት። እኛ አገር ውሻ ጅራፍ ሲጮህ አልጋ ሥር በሚገባበት ቀን!

ፊልሙ ቤልካን የሰርከስ ኮከብ ያደርጋታል። እውነተኞቹ ግን ከሞስኮ ጎዳና የተለቀሙ ነበሩ። ሶቪየቶቹ ሆን ብለው ነው፤ ብርድና ረሃብ የለመደ ይችለዋል ብለው። በዚህ መስፈርትማ የእኛ ሰፈር ሥጋ ቤት ደጃፍ ተኮራምተው አጥንት የሚጠብቁት ጨረቃን በተከራዩ ነበር።

እዚህ ጎረቤቴ ውሻዋን በጋሪ ነው የምታንሸራሽራት። እናቴ በቪዲዮ አይታ "ምነው፣ እግሯን ምን ሆነች?" አለች። የእኛ ቤቱ ውሻ መቻል ይባል ነበር። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ የተረፈ ፍትፍት ይበላል። ሐኪም አይቶ አያውቅም፤ ሳሎን ረግጦም አያውቅም። የሞተ ዕለት ግን አባቴ ራት አልበላም። "ሆዴን አሞኛል" ብሎ ተኛ።

ስትሬልካ ከተመለሰች በኋላ ስድስት ወለደች። አንዷን ቡችላ፣ ፑሺንካን፣ የሶቪየቱ መሪ ክሩስቾቭ በ1953 ዓ.ም. ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለኬኔዲ ቤተሰብ ላካት። ያለ ዲቪ፣ ያለ ቃለ መጠይቅ፣ ቀጥታ ዋይት ሐውስ! ከኬኔዲዎቹ ውሻ ከቻርሊ አራት ወልዳለች። ቡና ላይ ይህን ሳወራ ጓደኞቼ ሳቁ። የጥገኝነት ቀጠሮው ስንት ዓመት የተንከባለለበት ልጅ ብቻ "እስቲ ስሟን ድገመው" አለኝ።

ልጄ "የመጀመሪያዋስ?" ብላ ያዘችኝ። ከነሱ በፊት፣ በ1950 ዓ.ም.፣ ላይካ ነበረች። መንኮራኩሯ መመለሻ አልተሠራላትም፤ ሲልኳትም ያውቁ ነበር። በወጣች በሰዓታት ውስጥ በሙቀት መሞቷ የተነገረው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው። ለልጄ "ተኝታ ቀረች" አልኳት።

እሑድ ለእናቴ ስደውል እውነቱን ነገርኳት። "መመለሻ ሳያዘጋጁላት?" አለችና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ትኬት ዘንድሮ ረከሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።